በረዶ ውስጥ የተገኘው ሰውዬና የጋሼ ንጉሤ አሟሟት

አይ አልማዝ፣ «መርዶ በስልክ አይነገርም» የሚለውን ተይው። ሰምቼዋለሁ፣ ሁለቴ ልከሽልኛል። ታላቅ እህቴ ስለሆንሽ አልሳደብም። ግን እስከ መጨረሻው ስሚኝ፣ እንደ ልማድሽ የድምፅ መልእክቴን ግማሽ ላይ አትዝጊው። እዚሁ አል አይን፣ ዛኸር ሰፈር ነኝ፣ የምነዳላት ማዳም ፋርማሲ ገብታ መኪና ውስጥ እየጠበቅኳት ነው። ማስኬን አውልቄያለሁ፣ ጥርት ብሎ ይሰማሻል።

ልጅ ሳለሁ፣ መቼም አንቺም ነበርሽ፣ ምሽት ላይ መብራት ሲሄድ አጎታችን ጋሼ ንጉሤ ሱቅ እንገባ ነበር። ያኔ ልብስ ተኳሽ ነው። የከሰል ካውያውን ያራግባል፣ ፍሙ ፊቱን ያቀላዋል፣ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ እሱ ግን የተኮሰውን ሸሚዝ የሚጠቀልልበትን አሮጌ ጋዜጣ በኩራዝ ሳያነብ ንቅንቅ አይልም። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ «ኧረ ጋሽ ንጉሤ፣ ሠርግ አለብኝ!» ሲለው፣ «ቆይ እንጂ፣ ሰውዬው ሊሞት ነው» ይለዋል።

ሰውዬው ማለት ያ ፈረንጅ አገር ተራራ ላይ፣ በረዶ ውስጥ፣ ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ ሳይበሰብስ ደርቆ የተገኘው ነው። የመጀመሪያው ጋዜጣ ብርድ ገደለው አለ። አንቺማ «ጋቢ የሚሰጠው አጥቶ» ብለሽ አለቀስሽለት። ቆይቶ ሌላ ጋዜጣ መጣ፤ ራጅ ሲያነሱት ትከሻው ውስጥ የቀስት ጫፍ ተገኘ፣ ከጀርባው ነው የተወጋው። ሌላው ደግሞ ጭንቅላቱ ተመቷል አለ፤ ወድቆ ይሁን ሰው መትቶት አልታወቀም። ጋሼ ታሪኩ በተቀየረ ቁጥር ካውያውን ያስቀምጥና «ልጆች፣ ያን ጊዜ ተሳስቼ ነው የነገርኳችሁ» ብሎ ይጀምራል። ለኛ፣ ለውሪዎች! እኔ ቀስቱን ጠልቼ «ጋሼ፣ በብርድ ይሁን በቃ» ብዬ አለቀስኩ። «አንተ እንዲቀልህ ብዬ የሰውን አሟሟት ልቀይርበት?» አለኝ። ያኔ አኩርፌ ወጣሁ።

እና አሁን እሱ ራሱ ሲሞት፣ አንቺ ልቡ ነው ትያለሽ። ሚስቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ነው አለችኝ። የጎረቤቱ ልጅ ደግሞ ኮሮና ነው፣ ሰው ለቅሶ ቤቱን እንዳይሸሽ ደብቀውት ነው ይላል። ለአንድ ሰው ሦስት አሟሟት! የበረዶው ሰውዬ ቢያንስ የሚመረምረው አላጣም።

ወጉን አውቃለሁ እኮ። ጎህ ሳይቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ይመጣል፣ ይነግርሻል፣ ይዞሽ ያለቅሳል። አንቺ ከአቡዳቢ፣ ከአል ባጢን፣ ሌሎቹ ዘመዶች እዚሁ አል አይን ካለው ፈላጅ ሃዛ ሆናችሁ ልትመጡልኝ አሰባችሁ። በኮሮናው ምክንያት ከአቡዳቢ አል አይን መግባት ተከለከለ። እሺ። ዛሬ ነገ ይከፈታል ብላችሁ ጠበቃችሁ። እሺ፣ በዚህ አልፈርድም። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ! ሐዘንተኛ መሆኔን ሳላውቅ ሙዚቃ ከፍቼ ስነዳ ነበር። የነገረኝም ሰው አይደለም፤ የጎረቤቱ ልጅ ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ሲል አየሁት።

የበረዶውን ሰውዬ ተረት ብዙውን ረስቼዋለሁ። የቀስቱ ጫፍ ድንጋይ ይሁን ብረት እንኳን ዛሬ ብትጠይቂኝ አላውቅም። የቀረኝ ያ ካውያውን አስቀምጦ «ተሳስቼ ነው» ብሎ ማፈሩ ነው። ከናንተም ሌላ አልፈለግኩም፤ ልቡም ይሁን፣ ደረጃም ይሁን፣ ኮሮናም ይሁን፣ እውነቱን አንድ ሰው ይንገረኝና ልቅበረው።

ኸላስ፣ በቃ፣ ማዳም እየወጣች ነው። አንዲት ነገር ብቻ። መሞቱን ሳላውቅ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ወደ ጋሼ ስልክ የላክኋቸው የድምፅ መልእክቶች በሙሉ ተከፍተው ተሰምተዋል። «ጋሼ፣ ሳሉ እንዴት አደረገህ? እግዜር ይማርህ» ላልኩት ደግሞ በጽሑፍ መልስ መጥቶልኛል፣ «አሜን ልጄ» የሚል። ከተቀበረ በአሥረኛው ቀን! ማነው እሱ፣ የሞተ ሰው ስልክ ይዞ፣ በጋሼ ፋንታ አሜን ያለኝ?