በኃላፊው ወንበር ላይ

ገንዳ ውሃ ከተማ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናታቸውን ለባለሥልጣን ማስረዳት ሊለማመዱ ተሰብስበው፣ እኔንም ከገበሬ ወገን ጠሩኝ። ጥናቱ ኬላ ላይ መጠለያ ስለሌለ የሚቆመውን ሰሊጥ ዝናብ እንደሚያበላሸው ይናገራል። የእኔም ሰሊጥ ያን ቀን ኬላ ላይ መኪና ላይ እንደተጫነ ቆሟል፤ ሰማዩም ጠቁሯል።

ልምምዱን እንዲያይ የተጋበዘው አዲሱ የኬላው ኃላፊ ዘገየ። ተመራማሪዎቹን የምታለማምደው አሰልጣኝ «አባባ፣ ለልምምዱ እርስዎ ኃላፊ ይሁኑልን» አለችኝ።

«ኧረ ልጄ፣ ሰው ቢያይስ?»

«ምንም የለውም፤ ቁጭ ብቻ ይበሉ።»

የልጄን ኮት እንደለበስኩ፣ እየፈራሁ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አንዱ ተመራማሪ ብዙ አስረዳኝ፤ ስላልገባኝ ሰዓቴን አየሁ።

«ኃላፊ ማለት እንዲህ ነው!» ብለው አጨበጨቡልኝ።

በዚህ መሃል እውነተኛው ኃላፊ ገባ። ጭብጨባውን ሰምቶ፣ ወንበሩ ላይ መቀመጤንም አይቶ፣ ከበላይ የተላክሁ መሰለውና እጅ ነሳኝ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ መምጣትዎን አልሰማንም።»

ደንግጬ «ኬላ የቆመው ሰሊጥ…» ብቻ አልኩ።

«አሁኑኑ ያልፋል!» ብሎ ስልኩን አወጣ።

ይሄኔ ተመራማሪው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ፤ «አባባ፣ በሞቴ፣ የመጠለያውንም ነገር ይንገሩልን።»