የድንበሩ ሰንሰል

እኛንና ጎረቤታችንን የሚለየን የሰንሰል አጥር ነው። ከዲላ ወደ ወናጎ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለውን ቤት ስንገዛ አጥሩ ከሰው ቁመት በልጦ ነበር። ባለቤቴ ቆርቆሮ እናድርገው ሲል የከለከልኩት እኔ ነኝ። ሰንሰል በበጋም ቅጠሉን አያራግፍም፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ቅጠሉ መራራ ስለሆነ ፍየል አይነካውም። ነጭ አበባው ሲፈካ ንብ ይወረዋል፤ የሰፈሩ ልጆችም አበባውን እየቀነጠሱ ጣፋጩን ይመጥጡታል። ወንዝ ዳርና የቡና ማሳ ጥግ በራሱ ይበቅላል። ለአጥር የሚፈልገው ሰው ደግሞ ብዙ አይደክምም፤ ቅርንጫፉን ቆርጦ እርጥብ መሬት ላይ ከሰካው ይይዛል።

እኔን ያሳሰበኝ ይኸው በቀላሉ መያዙ ነበር።

በዚያ ሰሞን ይዞታ የሚለኩ ሰዎች ወደ ሰፈራችን ይመጣሉ እየተባለ ይወራ ነበር። አንድ ማለዳ ልብስ ላሰጣ ወደ ጓሮ ስወጣ አጥሩ ሳስቶ አየሁት። ለጋ ለጋው ቅጠል ተሸምጥጧል። ከሥሩ፣ ወደ እኛ ግቢ ገባ ብሎ፣ አዲስ የተቆረጡ ቅርንጫፎች ተሰክተዋል። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት።

«ፍየል ይሆናላ» አለ።

«ፍየል ሰንሰል አይበላም። ቢበላስ መልሶ ይተክላል?»

እሱ ሳቀ። እኔን ግን አላሳቀኝም።

ጎረቤቴ ከደጇ ዳቦና ሻይ የምትሸጥ፣ በዕድሜ የምበልጣት የጌዴኦ ሴት ናት። ባሏ ባጃጅ ይነዳል። ድሮ ከሁለታችን ጨው ያለቀባት ከሌላዋ ትወስድ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ሰላምታዋ አጠረ። ባጃጁም ከቆመበት አይነቃነቅም፤ ሰውየውም አይታይም።

«ባልሽ ደህና ነው?» አልኳት።

«ኮንጋ ሄዷል፣ ዘመድ ጋ» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ።

ከአጥሩ ወዲያ ግን የወንድ ሳል ይሰማኛል። ቤት ተቀምጦ ድንበሬን እንዴት እንደሚገፋ የሚመክር መሰለኝ። በየማለዳው አጥሩን መቃኘት ጀመርኩ። ሰንሰሉ እየሳሳ፣ የሚሰካው እየበዛ ሄደ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከኩሽናው ጀርባ ቆሜ ጠበቅኋት። ነጠላዋን ተከናንባ መጣችና ለጋውን እየመረጠች ሳህን ላይ ትለቅም ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

ሳህኑን ነጠላዋ ሥር ሸሸገችው። «ቅጠል ነው፣ እትዬ።»

«ቅጠሉንማ አያለሁ። ድንበሬ ላይ ምን ትተክያለሽ?»

«የሰበርኩትን ነው የምተክለው። አጥሩ እንዳይሳሳ ብዬ።»

«ባልሽስ? ኮንጋ ነው?»

ሳህኑን ከነጠላዋ ሥር አወጣችው። ከዚያ «ነይ» አለችኝና በሳሳው በኩል ይዛኝ ገባች።

ሰውየው አልጋ ላይ ተጋድሟል። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። «የወፍ በሽታ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ለካስ ቅጠሉን ወቅጣ፣ ጨምቃ ስታጠጣው ነው የሰነበተችው። እናቷም እንዲህ ታደርግ ነበር። «ሰው ከሰማ ዳቦዬን ማን ይበላል? ለማንም እንዳትነግሪ፣ እትዬ።»

«እየተሻለው ነው?» ብዬ ስጠይቅ የመለሰው ራሱ ነው። «እየባሰኝ ነው» አለ።

ባጃጅ ጠርቼ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ምን ሲወስድ እንደነበር ሲጠይቅ እሷ ወደ እኔ አየች። ንገሪው አልኳት፤ ነገረችው። ጉበቱ ተጎድቷል ብለው አስተኙት። ብዙ ቆይቶ፣ ከስቶ ግን ዓይኑ ጠርቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይለካሉ የተባሉት ሰዎችም እስካሁን አልመጡም።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ደንበኞቿ አንድ በአንድ ቀሩ። ዳቦው ሳይሸጥ መዋል ጀመረ። አንድ ቀን በራፌ ላይ መጥታ ቆመች።

«ለማን ነገርሽ፣ እትዬ?»

«ለማንም አልነገርኩም።»

«ቤታችን የገባሽው ግን አንቺ ብቻ ነሽ።»

ለባለቤቴ ነግሬው ነበር። ከሥራ ሲመለስ ጠየቅሁት። «እኔ ለማን እነግራለሁ?» አለና ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። ሆስፒታል ያየን ሰው ሊኖር ይችላል፤ የወሰደን ባለ ባጃጅም አለ። በማግስቱ ሳገኛት የባለቤቴን ትቼ ሌላውን ስዘረዝርላት «እሺ» ብላ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ መንገደኛው እያየኝ ደጇ ላይ ተቀምጬ ዳቦዋን እበላ ጀመር። ቀስ በቀስ ሰው ተመለሰላት። ባሏም ባጃጁን አስነስቶ ገደብ ከተማ ድረስ ዕቃ ማመላለስ ጀምሯል። እሷ ሻይ ስትቀዳልኝ ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ታወራኛለች፤ ስለ ቤቷ ግን አንድም ነገር አታነሳም። እኔም ባለቤቴ ከሰፈር ሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ ሥራዬን ትቼ ጆሮዬን እጥላለሁ።