የልጄ የፈተና ሰዓት

መምህሬ ደደብ ብሎ ከትምህርት ቤት አስወጣኝ። ማንበብ የቻልኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ አትላንታ ከመጣሁ በኋላ ነው። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄም ጽሑፍ ፊቷ ሲቀርብ ላብ ላብ ይላታል።

እናቷና እኔ ዲስሌክሲያ የሚሉትን የማንበብ ችግር ጠረጠርንና ለዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጧት ጠየቅን። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ፈገግ ብላ፣ "ቤት ውስጥ አማርኛ ስለምታወሩ ነው" አለችን። ልጅቷ የተወለደችው እዚሁ ነው! በእንግሊዝኛማ እኔን የምታርመኝ እሷ ናት። ፈተናው እየደረሰ ነው፤ ታክሲ ስነዳ እንኳ ሐሳቤ እሱው ጋ ነው።

ቅዳሜ ከቁርኣን ትምህርቷ ልወስዳት መስጊድ ስሄድ ብሶቴን ለኡስታዟ ነገርኩት።

"የሰማችውን ሱራ በቃሏ ትወጣዋለች" አለኝ። "ፊደሉን ሳሳያት ግን ይጠፋባታል። ቤት ውስጥ አረብኛም ታወራላችሁ እንዴ?"

"ኧረ የት አውቀነው!"

"እንግዲያው የማታውቀውን ቋንቋ በጆሮዋ ብቻ ከያዘች፣ ችግሯ ፊደሉ ላይ ነው፤ የአማርኛ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?"

ኡስታዙንና ልጄን ይዤ አማካሪዋ ዘንድ ሄድኩ። ያየውን ሲነግራት እኔ መሃል እየገባሁ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ፤ "አባዬ፣ ፕሊስ፣ አትጩህ። ይባስ እምቢ ይሉናል።"

ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። አማካሪዋ ኡስታዙን ሰምታ ስትጨርስ ልጄን ለባለሙያ ምርመራ መራቻት፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ዲስሌክሲያው ተረጋግጦ ተጨማሪው ሰዓት የተፈቀደላት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፈተናው ሰኞ ይጀመራል።