የንብረት ክፍላችን ኃላፊ ወንዝ የገባ ዕለት

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት... ከቴፒ ወደ ቆላው ወርደን ወንዙ ዳር ደርሰናል። እኔ ነርስ ነኝ። ክትባት ይዤ ማዶ ወዳለው ቀበሌ መሻገር አለብኝ። የምንሻገረው በመሥሪያ ቤታችን የሞተር ጀልባ ነው፤ ስድስት ሰው ከያዘች የምትሞላ ሚጢጢ ነገር።

ከጀልባዋ ጋር አንድ ዕቃ አብሮ መጥቷል። ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ የሚወጣበት መረብ ነው። አንዱ ጠርዝ ጀልባዋ ላይ ይታሰራል፤ ሌላው በወደቀው ሰው ሥር ያልፍና ሲሳብ ሰውዬው እየተንከባለለ ይገባል። ተንሳፋፊ ጃኬቶችም አሉ። ስልጠና ወስደናል... ማለትም ጃኬት ለብሰን ፎቶ ተነሳን፣ ቦምቦሊኖ በላን፣ ዕቃው ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። ሳጥኑ እዚያው ጀልባዋ ላይ ነው፤ ግን የእህል መጋዘን የሚቆለፍበትን የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል።

ቁልፉ ያለው የንብረት ክፍላችን ኃላፊ አቶ ጌታነህ ጋ ነው። ዕቃው በስሜ ነው የገባው ብሎ ጀልባዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር አብሮ ይሳፈራል፣ ሳጥኑ ላይ ይቀመጣል። ጃኬቶቹ የሚወጡት ከላይ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው።

«ጋሽ ጌታነህ፣ ዛሬ ውሃው ሞልቷል፤ ጃኬቱን ብንለብስ?» አልኩት።

«ጭቃ ቢነካው ማን ሊያጥበው ነው?»

ክትባቴን አቅፌ ተሳፈርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በዝምታዬ ግን እስካሁን አፍራለሁ።

አራት ሆነን ተነሳን። እኔ፣ እሱ፣ ሞተረኛውና አየለ የሚባል ወዛደር። አየለ ቴፒ ላይ አይሱዙ ጫኝ ነው፤ ማዶ የተከማቸ ቡና መኪና ላይ ሊጭን ሁለት ወፍራም ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ ነበር የመጣው።

መሀል ወንዝ ላይ አየለ ሳያስበው ጭቃማ ቡትሱን የሳጥኑ ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ጌታነህ ብድግ አለ።

«እግርህን አንሳ። የመንግሥት ንብረት ነው።»

ይህም አልበቃውም... መሀረቡን አውጥቶ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን መጥረግ ጀመረ። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ስታጋድል ሰውዬው ከነመሀረቡ ውሃው ውስጥ ገባ።

ደግነቱ የጀልባዋን ጠርዝ ለቀም አደረገ። እኔና አየለ በሁለት እጁ ጎተትነው። ጌታነህ እንደምታስቡት ቀጭን ሰው አይደለም። ኮቱ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ በሳብነው ቁጥር ጀልባዋ እኛንም ልትደፋን ታጋድላለች። ሞተሩን ሞተረኛው አጥፍቶታል፤ ውሃው ይዞን ቁልቁል ይሄዳል። ከታች ወንዙ ላይ የወደቀ ትልቅ ዛፍ ይታያል። እዚያ ከደረስን ጌታነህ በዛፉና በጀልባዋ መሀል መጨፍለቁ ነው። ፈራሁ። እጄ ውስጥ ጣቶቹ ሲሟልጩ ይሰማኛል።

«ቁልፉስ?» አልኩት።

«ኪሴ... ውስጥ ነው።»

ኪሱ ደግሞ ውሃ ውስጥ ነው። ሞተረኛው የሞተሩን መፍቻ አንስቶ ወደ ጓጉንቸሩ ሄደ። ይህን ጊዜ ከውሃው ውስጥ፣ ውሃ እየተፋ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«እንዳትሰብሩት... ያለ ኮሚቴ አይሰበርም።»

ወገኖቼ፣ በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ነፍሱ ልትወጣ ያለች ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ አንዱ እናቱን ይጠራል፣ አንዱ አምላኩን። ኮሚቴ የጠራ ግን እሱ የመጀመሪያዬ ነው። የባሰው ደግሞ ሞተረኛው ነው፤ መፍቻውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። መመሪያ ሰማ አይደል።

አየለ ኮሚቴም መመሪያም አልጠበቀም።

«ሲስተር፣ እጁን እንዳትለቂ» አለኝ። የሁለቱን ገመዶች አንድ አንድ ጫፍ መቀመጫው ላይ አሰረ። ጎንበስ ብሎ አንዱን በጌታነህ ብብት ሥር፣ ሌላውን በጭኑ ሥር አሳለፈና ሌሎቹን ጫፎች ወደ ራሱ መለሰ። ሞተረኛውን በክርኑ ጎሰም አድርጎ አንዱን ገመድ አስያዘው።

«በርሜል አይሱዙ ላይ ስንጭን እንዲህ ነው። እኩል ሳብ።»

ሳቡ። ኃላፊያችን በጀልባዋ ጎን ላይ እየተንከባለለ ወጣና እግሬ ሥር ዘጭ አለ። ሞተረኛው ሞተሩን ቀስቅሶ ከዛፉ ሲያርቀን ቅርንጫፉ ትከሻዬን ቧጨረኝ።

ጌታነህ ሲያስለውና ሲያስመልሰው ቆየ። ልቡን አዳመጥኩ፤ ደህና ነው። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ቁልፉን አወጣ፣ ሳጥኑን ከፈተ። ጃኬት ሊለብስ ነው ብዬ ደስ አለኝ። መረቡን ዳበሰ፣ ጃኬቶቹን አንድ ሁለት ብሎ ቆጠረ።

«ተመስገን፣ አልረጠበም» አለና መልሶ ቆለፈው።

አየለ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

ማዶ ክትባቴን ጨርሼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ተመለስኩ። ሞተረኛው ዝግጁ ነው፤ ጌታነህ ግን ጀልባዋ ውስጥ የለም። ዳር ላይ ድንጋይ ተደግፎ ቁጭ ብሏል።

«እንሂድ እንጂ ጋሼ፣ ሊዘንብ ነው።»

«አየለ ቡናውን ጭኖ ጨርሶ ሳይመጣ አልሳፈርም» አለኝ፣ ወንዙን እያየ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ እየመታን ጠበቅነው። ንብረቱን ለጓጉንቸር፣ ነፍሱን ለአየለ አስረክቦ ቁጭ።