ነጩ መኪና፣ ግራጫው መኪና እና የእናቴ እግር

መኪና ለመግዛት የቆረጥነው እናቴ ዳሌዋን ከተሰበረች በኋላ ነው። ያኔ የምትኖረው ሙጃ አጠገብ ነበር። ልጠይቃት በሄድኩበት ሰሞን ከበረት ስትወጣ ጭቃ አዳልጧት ወደቀች። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ ዳር አደረሷት፤ ከዚያ ወዲያ ግን የሚያነሳት ጠፋ። የሚያልፈው ሁሉ በመስኮት አየት እያደረገን ይሄዳል። በመጨረሻ ባቄላ የጫነ መኪና ቆመልንና ከጆንያው በላይ አስተኝተን ወልድያ ሆስፒታል ወሰድናት። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የምትጮኸው ጩኸት አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም።

ድና በከዘራ መራመድ ስትጀምር ላሊበላ እኔ ዘንድ አመጣኋትና ደሴ ለሚነግደው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩ።

"አያ፣ መኪና እንግዛ። ግማሹን አንተ፣ ግማሹን እኔ።"

"ማን ይነዳዋል?" አለኝ።

ደሜ ፈላ። የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ስሠራ ቱሪስት ከአየር ማረፊያው እስከ ከተማ ሳመላልስ የኖርኩት እኔ ነኝ። እሱ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም።

ሁለት መኪና ተገኘ። ሁለቱም ከቤት መኪና ከፍ፣ ከትልልቆቹ የመስክ መኪኖች ዝቅ ያሉ ናቸው። አንደኛው ነጭ ነው፤ ያገለገለ፣ ቤንዚን የሚጠጣ፣ ባለቤቱ እዚሁ ከተማችን ሱቅ ያለው ሰው። ሌላው ግራጫ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና። እሱን አንድ ሻጭ ከደሴ ይዞት መጣ፤ ወንድሜም አብሮት ተሳፍሮ ነበር። ሲወርድ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል።

"ድምፅ የለውም እኮ! ተኝተሽ የምትሄጂ ነው የሚመስልሽ! ስክሪኑማ ቴሌቪዥን ያክላል!" አለኝ። ወልድያ ላይ ቻርጅ ሲያደርጉ ግማሽ ቀን መቆማቸውን የነገረኝ ቆይቶ ነው።

ኤሌክትሪኩን ሳላየው አልጠላሁትም። ቤንዚን በእኛ አገር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማደያው "የለም" ይልሻል፣ ከማደያው ጀርባ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይቸበቸባል። መብራቱንም ግን አውቀዋለሁ። በጦርነቱ ጊዜ ከተማችን ስንት ወር በጨለማ ከርማለች። ስለዚህ ሻጩን ጠየቅኩት።

"መብራት ሲጠፋ ምን እናደርጋለን?"

መልሱን ለወንድሜ ሰጠው። "ጌታዬ፣ አንዴ ቻርጅ ካደረጉት ሳምንቱን ሙሉ ይነዱታል።"

"የጠየቅኩህ እኔ ነኝ።"

"ችግር የለውም እህቴ፤ ጀነሬተር አለ አይደል?"

"ጀነሬተሩስ በምን ይሠራል? በጠበል?"

ወንድሜ ሳቀ። ሻጩ አልሳቀም። ቁልፉን አውጥቶ ለወንድሜ ዘረጋለት። መሃል ገብቼ ቀማሁት።

በነአኩቶ ለአብ ገዳም መንገድ ነዳሁት። እውነቱን ለመናገር ዳገቱን እንደ ሜዳ ነው የወጣው፤ ገና ስትረግጪው ይፈተለካል። መንገዱ ሲበላሽ ግን ሆዱ ድንጋይ ላይ ጋጭ አለ። ሻጩ የተወጋ ያህል ጮኸ።

"ባትሪው እዚያ ነው ያለው! ቀስ በይ እንጂ!"

"ቀስ ብዬ ነው። እኛ የምንሄድበት መንገድ ይሄው ነው።"

ቤት ስንደርስ እናቴ በከዘራዋ ተደግፋ ደጅ ላይ ትጠብቀን ነበር። ከኋላ ወንበር አስገባናት። ወንበሩ ዝቅ፣ ወለሉ ከፍ ያለ ነው፤ ጉልበቷ ወደ ደረቷ ተጠጋ። ልትወርድ ብትል አልቻለችም። ሁለት ሆነን በብብቷ ይዘን ስናወጣት ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ እንባዋ ግን አመለጣት።

ሻጩ ሰዓቱን አየ። "እናት እንደሆኑ አልፎ አልፎ ነው የሚሄዱበት። ዋናው ለሚነዳው መመቸቱ ነው" አለና የወንድሜን ትከሻ መታ መታ አደረገው።

"የምነዳው እኔ ነኝ!" አልኩት። ድምፄ ከአጥር አልፎ ጎረቤት ደረሰ። "ከጠዋት ጀምሮ እኔ ነኝ የነዳሁት፣ አጠገቤ ተቀምጠህ! የምገዛውም ለእሷ ነው። እሷ የማትገባበት መኪና ለእኔ ምኔ ነው?"

"ሰው ይሰማል" አለኝ ወንድሜ በሹክሹክታ።

"ይስማ!"

ከሰዓት በኋላ ነጩን ለሙከራ ተረከብኩ። ባለቤቱ ገና ሳንጠይቀው መማል ጀመረ፤ "አንድ ቀን እንኳ አልተጋጨም፣ ላሊበላን!" ወደ ብልባላ አቅጣጫ ወጣሁበት። ዳገት ላይ ያጓራል፣ መስኮቱ ይንኳኳል፤ ድንጋዩን ግን ከፍ ብሎ ያልፈዋል። ስመለስ እናቴን ጠራኋት። ወንበሩ ከወገቧ ትይዩ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፣ ከዚያ እግሯን በእጇ ይዛ አስገባች።

"ይቺስ ደግ ናት" አለች።

ደስ ልሰኝ ስል የኋላውን የዕቃ ቦታ ምንጣፍ ገለጥኩት። ከዳር እስከ ዳር ብየዳ ነው፤ ላዩን ቀለም አልብሰውታል።

"በጻድቁ ስም የማልከው በዚህ ነው?"

"እሱማ ትንሽ ነገር ናት። ባጃጅ ነካ አድርጓት ነው።"

"ባጃጅ ነክቶት ብረት ይበየዳል? እናቴን የምጭንበት መሆኑን እያወቅክ?"

ሰውዬው ምንጣፉን መልሶ አለበሰው። ወንድሜ አጋጣሚውን አላሳለፈውም።

"አየሽ? ተይው። ግራጫውን እንውሰድ።"

"ማንን ልንጭንበት? እማዬን ወይስ ስክሪኑን?"

"አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ እንደተቆጣሽ ነው።"

"ሁልጊዜ ስለምታስቆጡኝ ነዋ!"

ያን ቀን ሁለቱንም ሻጮች ከግቢዬ አስወጣሁ። ሌሊቱን ሳስበው ያናደደኝ ብየዳው ብቻ አልነበረም፤ አንዱ እንደሌለሁ ቆጥሮኝ፣ ሌላው እንደማላይ ቆጥሮኝ መዋላቸው ነው። ያም ሆኖ እናቴ ያለ እርዳታ የገባችው አንዱ ውስጥ ነው።

በማግስቱ ባለሱቁን ጠርቼ ነጩን ጋራዥ አስገባሁት። ወደ ላይ ተነስቶ ከስሩ ሲታይ ዋናው ብረት አልተጣመመም፤ የተመታው የኋላው ብቻ ነው። ብየዳውን በራሱ ወጪ እንደገና አሠራ፣ ከዋጋውም ቀነሰ። ስንፈራረም ሊምል አፉን ከፈተ፤ ሳየው ዘጋው። ወንድሜ ድርሻውን ከፈለ፣ ምሳ ግን አልበላም። ከሻጩ ጋር በዚያ ድምፅ በሌለው መኪና ወደ ደሴ ተመለሰ።

ክረምቱ እንደገባ ቤንዚን ከከተማው ጠፋ። ነጩ መኪና ግቢ ቆሞ ዶሮዎች ስሩ ይጠለሉበት ጀመር። ወንድሜ ሰምቶ ኖሮ ደወለ።

"ምን ብዬሽ ነበር? ኤሌክትሪኩን ብንገዛ ኖሮ..."

"መብራትም ከጠፋ ሰንብቷል" አልኩና ዘጋሁበት።

እውነትም ጠፍቶ ነበር። ግን እሱ ላይ ብቻ አልነበረም የተናደድኩት። ቤንዚኑንም መብራቱንም ነፍገው፣ አንዲት አሮጊት ሐኪም ዘንድ ለማድረስ እህትና ወንድም የሚያናክሱ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ብዙም አይጠፋኝም።

ቤንዚን በመጣ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ተሰልፌ ቀዳሁ። የእናቴ የሆስፒታል ቀጠሮ ቀኑ አልፎ ነበር፤ ቢሆንም ይዣት ወደ ወልድያ ወረድኩ። ሐኪሙ ዘገያችሁ ብሎ ተቆጣን። እኔም መልሼ ተቆጣሁት። እናቴ እጄን ያዘችና "በቃሽ ልጄ፣ ደርሰናል እኮ" አለችኝ።