ለሞጣ የያዝሁት የዝናብ ወሬ

ማክሰኞ፣ ከቢቸና

ከቢቸና የተነሣሁት ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ በሦስት ብር በተከራየኋት በቅሎ ነው። የጉዞዬ ምክንያት ኪሴ ውስጥ ያለች አንዲት ወረቀት ነበረች። ከአዲስ አበባ በስልክ የተነገረኝን የሳምንቱን የአየር ጠባይ ትንበያ ጽፌባታለሁ፦ እስከ ሐሙስ ቀትር ደረቅ፣ ከሐሙስ ማታ እስከ ቅዳሜ ብርቱ ዝናብ። የሞጣ የስልክ ሽቦ ስለተበጠሰ ወሬውን ራሴ ይዤ መሄድ ግድ ሆነ። እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ ዝናብ ለካ ተብዬ ቢቸና ከተመደብሁ ሁለት ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት የነገርሁትን የሰማኝ የለም። "የመንግሥት ነቢይ" እያሉ ይቀልዱብኛል። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ያንገበግበኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሞጣ

ደብረ ወርቅ አድሬ በማለዳ ተነሣሁ። ክረምት ያቦካው ጥቁር አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በቅሎዋ መርገጫ እየመረጠች ትሄዳለች። ግራና ቀኝ የታጨደ ጤፍ ሳይከመር በየማሳው ተኝቷል።

አንዱን ገበሬ "ለምን አትከምሩትም?" አልሁት።

"ገና አልደረቀም። ነገ ደግሞ ሚካኤል ነው። ዓርብ እንከምረዋለን።"

"ዓርብ ዝናብ አለ።"

"በኅዳር?" ብሎ ሳቀብኝ።

ሞጣ ስደርስ የወረዳው ጸሐፊ ወረቀቴን በሩ ላይ ለጠፈልኝ። ነገር ግን ማግስቱ በዓል ነው፤ ማን ያነበዋል? ስለዚህ ከከተማው ጫፍ ወዳለው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለቃ፣ ወደ ቄስ አድማሱ ቤት ሄድሁ።

"አባ፣ ሕዝቡ ነገ ጤፉን እንዲሰበስብ ይንገሩልኝ" አልኋቸው።

"ልጄ፣ የሚካኤልን ቀን የሻረ አገር በረዶ ይወርድበታል። ሕዝቡ ይህን ያምናል፤ እኔም አምናለሁ።" በበሩ አሻግረው ወደ ማሳዎቹ አዩ። "ባል ለሞተባት መሥራት ግን ምጽዋት ነው፤ ሥራ አይባልም።"

ሐሙስ፣ በዓሉ

ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ወረቀቴን አነበቡ። ቀጥለውም "ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባለቤታቸው በክረምት ሞተውባቸዋል። ልጆቻቸውን የሚያበሉት ከዚያች ማሳ ነው። ዛሬ የእርሳቸውን እንከምራለን። በገዛ ማሳው ላይ እጁን የሚያነሣ ግን አይኑር" አሉ።

ወንዱ ነጠላውን አጣፍቶ ወረደ። እኔም ነዶ ተሸከምሁ። ከጎኔ የሚሠራው ሰው ማሳ አንድ እርምጃ ብቻ ይርቃል፤ ጤፉም ተኝቷል። ደጋግሞ ያየዋል እንጂ ድንበሩን አልተሻገረም። በአሥር ሰዓት ክምሩ አልቆ ተከደነ።

ዝናቡ በአሥራ አንድ ሰዓት ጀመረ። የመጀመሪያው ጠብታ እጄ ላይ ሲያርፍ ደስ አለኝ። "አላልኋችሁም?" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ቀና ስል ቄስ አድማሱ ከመንገዱ ማዶ ጤፉ እንደተኛ ያለውን የራሳቸውን ማሳ እያዩ ቆመዋል። ነጠላቸው በስብሶ ትከሻቸው ላይ እስኪለጠፍ ከዚያ አልተንቀሳቀሱም። እንደዚያ ያፈርሁበት ቀን የለም።

እሑድ፣ መመለሻ

ሁለት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ሞጣ ተቀመጥሁ። እሑድ ስነሣ ቄሱን ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው። ጤፉ ጠቁሮ ሻግቷል።

"ልክ ነበርህ፣ ልጄ" አሉኝ።

"ምነው ባልሆንሁ፣ አባ።"

"እንደሱ አትበል። የጥሩወርቅ ልጆች ይበላሉ።" እጄን ያዙኝ። "ሌላም ጊዜ ላክልን፤ እንሰማሃለን።"

ሁለት ዓመት ስመኘው የኖርሁትን ቃል ሰማሁ፤ እጃቸውን ስሜ በቅሎዋ ላይ ወጣሁ።

ቢቸና ሰኞ ማታ ገባሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት፣ መሰማት ምን ያህል እንደሚከብድ ነው። ዛሬም በኅዳር ዝናብ አለ ብለው ከአዲስ አበባ ሲነግሩኝ ስልኩን ቶሎ አልዘጋም። "እርግጠኛ ናችሁ?" ብዬ እጠይቃለሁ፤ አይደለንም እንዲሉኝ በልቤ እየለመንሁ።