የተረከዙ ደም

ጎጆ ከተማ ጤና ጣቢያ በነርስነት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ የአራስ ሕፃን የደም ስኳር የሚለካባቸው ቀጫጭን ወረቀቶች በአንዲት ብልቃጥ ደረሱን። ተረከዙን ወጋ አድርገን ጠብታዋን ወረቀቱ ላይ እናሳርፍና ቀለሙን ብልቃጡ ላይ ከተሳለው ጋር እናስተያያለን። እንዲበረክቱ ብዬ እያንዳንዱን በመቀስ ለሁለት እሰነጥቅ ነበር። በዚህ ዘዴዬ እኮራ ነበር፤ እኔ ስኮራ ደግሞ አያድርስ ነው።

አንድ ጠዋት የአንድ ገበሬ ሚስት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ልጁ ትንሽ ነው፤ ጡት አልይዝ ብሏል፣ ሰውነቱም ቀዝቅዟል። ያቀፉት የእናቱ ታላቅ እህት ነበሩ። እቅፋቸው ውስጥ እንዳለ እግሩን ያዝኩ። አልኮል ካለቀብን ሰንብቷል። ውሃ አሙቄ ማጠብ ነበረብኝ፤ በር ላይ የተሰለፈው በሽተኛ አስቸኮለኝና በደረቅ ጥጥ ጠረግ አድርጌ ወጋሁት። ቀለሙ ደህና ነበር። የቀረችውን ግማሽ ወረቀት ለሌላ ልጅ ትሁን ብዬ መለስኳት። ስኳሩ ዝቅ ብሎ ባገኘው የምሰጠው ግሉኮስ መደርደሪያው ላይ ነበረ።

"ስኳሩ ደህና ነው፤ ብቻ አሙቁት" ብዬ ወደ ሰልፉ ሄድኩ።

ረፋዱ ላይ ሕፃኑ ተንቀጠቀጠ። ጠርተውኝ ሮጬ ስደርስ ትንፋሹ የለም።

አክስቱ ፈራ ተባ እያሉ ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

"ሲስተር፣ እኔ ነኝ ወይ የገደልኩት? ከቀበሌ የደረሰንን ስኳር በውሃ በጥብጬ በጣቴ ከንፈሩን አረጠብኩለት። አልዋጠውም፣ ፈሰሰ። አንቺ ስትመጪ በዚያው እጄ እግሩን እያሸሁ ሳሞቀው ነበር።"

ወረቀቱ ያሳየኝ እግሩ ላይ የተለጠፈውን ስኳር ነበር። የልጁ ደም ምን ያህል ስኳር እንደነበረው አሁንም አላውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ ለእኔ ግን የሚለቀም አልቀረልኝም።

"የእርስዎ ስኳር አልጎዳውም" አልኳቸው። ይሄ እውነት ነው። ቀጥዬ "ጥፋቱ የኔ ነው" ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ። አባትየው ደጅ ቆሟል፣ እናትየው ታለቅሳለች፣ እኔም በከተማው የተመሰገንኩ ነርስ ነኝ።

አክስቱ በረጅሙ ተነፈሱ። "ገለቶሚ፣ ሲስተር፣ ገለቶሚ" እያሉ አመሰገኑኝ። ጎንበስ ብለውም እጄን ሳሙት፤ እኔም አልሳብኩትም።